የሁለቱ ተራሮች ቃለ ጉባኤ

ስለ ተራራ ያለ አድልዎ ለመፍረድ ተራራ በሌለበት አገር መወለድ ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ በፍሪስላንድ ዝቅተኛ መሬት ላይ የሚገኝ የአንድ የግድብና የቦይ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞችን የሚያህል ዳኛ በምድር ላይ አይገኝም። አካባቢያቸው ከባሕር ወለል አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ የተኛ ነው። ከፍተኛው ቦታ ባሕሩን የሚያግደው የአፈር ግድብ ሲሆን እሱም ላይ በጎች ይግጡበታል። እነዚህ ሰዎች ባሕርን ያባረሩት በጦር ወይም በጸሎት ሳይሆን በስብሰባ ነው። ቅድመ አያቶቻቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ተወያዩ፣ አሁንም ተወያዩ፣ ደግመው ተወያዩ፤ ባሕሩም ሰልችቶት ሄደ።

ከዚያ ታላቅ ታሪክ ለጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሕጎች ተርፈዋል። አንደኛው፣ አንድ ነገር የሚወሰነው ሁሉም ሰው «ይሁን፣ ልኖርበት እችላለሁ» ሲል ብቻ ነው። እጅ አውጥቶ ድምፅ መስጠት መነጋገር ያቃታቸው ሕዝቦች የሚያደርጉት ነገር ተደርጎ ይታያል። ሁለተኛው፣ የተወሰነ ነገር ተወሰነ የሚባለው ቃለ ጉባኤው በቀጣዩ ስብሰባ ተነቦ ሲጸድቅ ነው። እስከዚያ የተባለው አልተባለም፣ የሆነውም አልሆነም።

ይህን ቃለ ጉባኤ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት የምትይዘው ሂልከ ነበረች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ በአፍንጫዋ ብቻ የምትስቅ ሴት። ሰው ሁሉ ሲናገር እሷ ትጽፋለች። ሰው ሁሉ ተናግሮ ሲረሳ እሷ ታስታውሳለች። ለዚህ አገልግሎቷ ከብስኩት ቆርቆሮው የመጀመሪያዋን ብስኩት የማንሳት መብት ተሰጥቷታል። ሁለተኛ ብስኩት ግን ለማንም አልተፈቀደም፤ ሁሉም አንዳንድ ካነሱ በኋላ ሊቀመንበሩ ክዳኑን ይገጥማል።

ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ በብርድ ወራት ድንቹን፣ አይቡንና የለውዝ ቅቤውን በመኪና ጭኖ ኦስትሪያ ይወርድና ስኪ የሚባሉትን ረጃጅም ጠፍጣፋ እንጨቶች እግሩ ላይ አስሮ ለአንድ ሳምንት በበረዶ ላይ ይንሸራተት ነበር። የሚያርፈውም ሁልጊዜ አንዲት መበለት ቤት ነው። ሂልከ ለዚያ ሳምንት ስትል ሌሎቹን ሃምሳ አንድ ሳምንታት ትታገሣለች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቁልቁለቱ ላይ «ይህን ጻፊልኝ» እያለ የሚከተላት ሰው የለም። ቢከተላትም አይደርስባትም፤ ከጽሕፈት ቤቱ ሰው ሁሉ እሷን የሚያህል ተንሸራታች አልነበረምና።

ከዕለታት አንድ ቀን መበለቲቱ ቤቷን ሸጣ ልጇ ዘንድ ገባች። ጽሕፈት ቤቱም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ መምረጥ ግድ ሆነበት። ለምርጫው ሁለት የስኪ መንደሮች ቀረቡ፤ አንደኛው ግራትቫልድ፣ ሁለተኛው ሮተንአልም ይባላል። ወዲያውኑም አሥር ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ሜይንደርት ነው። ሜይንደርት የሊቀመንበርነት ጸጋ ከእናቱ ማኅፀን ይዞ የወጣ ሰው ነው፤ ምንም ዓይነት አስተያየት ኖሮት አያውቅም። የፓምፖቹ መሐንዲስ ሲትሰ ግራትቫልድን ደገፈ፤ የበረዶው ጥልቀት በአሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ወደ ላይ የሚያወጡት የገመድ ወንበሮችም መቀመጫቸው ይሞቃል። የሕግ አማካሪዋ ባውክየ ሮተንአልምን ደገፈች፤ በመንገድ አሥራ አራት ደቂቃ ይቀርባል፣ ጸጥታም አለው። ባውክየ ስኪ ተንሸራታ አታውቅም፤ ወደፊትም የመንሸራተት ሐሳብ የላትም። ነገር ግን ባለድርሻ አካል ናት፤ ባለድርሻ አካል ደግሞ ካልተደመጠ ያኮርፋል።

በመጀመሪያው ዓመት ኮሚቴው መስፈርቶችን አወጣ። መስፈርቶቹ ሲያልቁ በረዶው ቀልጦ ስለነበር ጉዳዩ በተፈጥሮ ተዘጋ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና ማንም አልተከፋም፤ ከሂልከ በቀር።

በሁለተኛው ዓመት ነገሩን በወሬ ከመፍረድ በዓይን አይቶ መፍረድ ይሻላል ተባለ። ሲትሰና ባውክየ የልዑካን ቡድን ሆነው ሁለቱንም መንደሮች ጎበኙ። በብርድ ወራት ቦታው በሰው ስለሚጨናነቅ ለጥናት አይመችም በሚል ጉብኝቱ የተካሄደው እዚያ አገር ፀሐይ በሚበረታበት በሐምሌ ነበር። ልዑካኑ በፀሐይ ጠቁረው ሲመለሱ ስድሳ ሁለት ገጽ ሪፖርት አቀረቡ። የሪፖርቱ ዋና ግኝት በሁለቱም መንደሮች በረዶ አለመኖሩ ነው። በግራትቫልድ ቁልቁለት ላይ አርባ ላሞች፣ በሮተንአልም ቁልቁለት ላይ ሠላሳ ስድስት ላሞች ሲግጡ ተቆጥረዋል።

«በረዶ ከሌለ» አለ ሜይንደርት ክፉኛ አዝኖ፣ «ለዘንድሮ ባይቸኮል ይሻላል።»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና አልተቸኮለም። ሁለተኛውም ዓመት በዚሁ አለፈ።

ሦስተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የሂልከ ግራ ጉልበት አበጠ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መብራት አንሥቶ ብዙ ከተመለከተ በኋላ መጋቢት ስድስት ቀን ጉልበቱ በብረት ይተካል አላት።

«ከዚያ በኋላ ብስክሌት ትነጂያለሽ» አላት። «ትዋኛለሽ። እንደ ልብሽ ትራመጃለሽ።»

«ስኪስ?»

«እሱን እርሺው።»

«እስከዚያስ? እስከ መጋቢት?»

ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ። «እስከዚያ ያው የራስሽ ጉልበት ነው። ካልወደቅሽ ሁለት ሦስት ቀን ይችልሻል።»

ሂልከ ከሐኪሙ ቤት ወጥታ በብስክሌቷ በቦዩ ዳር ስትሄድ አለቀሰች። ነፋስ ነው የሚያስለቅሰኝ ልትል ሞከረች፤ ነፋሱ ግን ከኋላዋ ነበር። የቀራት አንድ የበረዶ ወቅት ብቻ ነው። እሱም በኮሚቴ እጅ ነው።

በሐሙሱ ስብሰባ መጨረሻ ላይ ሜይንደርት እንደ ደንቡ «ሌላ ያለው አለ?» ብሎ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በየስብሰባው ይጠየቃል፤ ትክክለኛ መልሱም «የለም» ነው።

«እኔ አለኝ» አለች ሂልከ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ጠረጴዛው ራሱ ቢናገር ከዚህ ይበልጥ አይደነግጡም ነበር። ሂልከ የሐኪሙን ነገር ነገረቻቸው። ይህ የመጨረሻ ዓመቷ እንደሆነ፣ ግራትቫልድም ሆነ ሮተንአልም ለእሷ አንድ እንደሆነ፣ ብቻ እንዲሄዱ እንደምትለምናቸው ተናገረች። ኮሚቴው አንጀቱ ተንሰፈሰፈ። ባውክየ እጇን ያዘቻት። ሲትሰ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«የትኛው ጉልበትሽ ነው?» አላት።

«የግራው። ምነው?»

«አይ፣ የግራትቫልድ ቁልቁለቶች የሚበዙት ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ወደ ቀኝ ስትዞሪ ደግሞ ክብደትሽ የሚያርፈው ግራ እግርሽ ላይ ነው። ለኔ ወገን ጥሩ አይደለም፤ ግን ሐቅ ሐቅ ነው። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ እጨምራለሁ።»

«አትጨምርም» አለች ባውክየ። «ጉልበት የግል የጤና መረጃ ነው። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ሰንጠረዥ ውስጥ አይገባም።»

«ኧረ እኔው ራሴ ነኝ የተናገርኩት!» አለች ሂልከ።

«መናገርሽን ማን ይመሰክራል?»

«ቃለ ጉባኤው።»

«ቃለ ጉባኤው መቼ ጸደቀ?»

ስለዚህ ሂልከ ስለ ራሷ ጉልበት ለራሷ የፈቃድ ደብዳቤ ጻፈች፤ ፈረመች፤ ደብዳቤው መድረሱንም መዝገብ ላይ አሰፈረች። የሂልከ ጉልበት አርባ አራተኛው መስፈርት ሆኖ ገባ። የምርጫው ጉዳይ ግን በአዲሱ መስፈርት ምክንያት ከመጀመሪያው እንዲታይ ወደ ጥር ተዛወረ።

በጥር ሲትሰ የሚያስታርቅ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሦስት ቀን እዚህ፣ ሦስት ቀን እዚያ ይሁን አለ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉ ሰዎች ይህን የመሰለ ጥበብ አያውቁም። ነገር ግን ባውክየ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ያገኘው መንደር በተዘዋዋሪ ተመረጠ ማለት እንደሆነ አሳሰበች። ማን ይቅደም የሚለውን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ተሰየመ። የንዑስ ኮሚቴው አባላት ሲትሰና ባውክየ ናቸው።

ያን ቀን ሂልከ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ለምን ሳንቲም ወርውረን ዕጣ አንጥልም?» አለች።

ሜይንደርት ገና ያላነሡ ሁለት ሰዎች እያሉ የብስኩት ቆርቆሮውን ከደነ።

«ሂልከዬ» አላት በሐዘኔታ፣ «ሳንቲም እኮ ሐሳብ የለውም።»

«እኛስ አለን?»

«እኛማ ሞልቶናል» አለ ሲትሰ ቅር ብሎት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስናደርግ ነበር ታዲያ?»

«ልዩነታችንን በዕጣ ከፈታን» አለች ባውክየ፣ «ነገ ግድቡንስ በዕጣ ልንጠግን ነው?»

ሂልከ ብዕሯን አንሥታ «የሳንቲም ሐሳብ ቀርቦ ተቀባይነት አላገኘም» ብላ ጻፈች። በአፍንጫዋም እንኳ አልሳቀችም።

የካቲት ገባ። የትምህርት ቤቶች የእረፍት ሳምንት ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ስኪውን ጣሪያው ላይ አስሮ በሰልፍ ወደ ደቡብ ተመመ። ሜይንደርት በበኩሉ ጉዳዩ ወሳኝ ምዕራፍ ላይ መድረሱን ገልጾ የሐሙስ ስብሰባ ጠራ። የቀዶ ጥገናው ቀን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶ ነበር።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሂልከ የጽሕፈት ቤቱን ብዕር ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠች። ከሥሩ አንዲት ወረቀት አኖረች። ወረቀቷ ላይ «ጉልበቴን ይዤ ሄጃለሁ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ስኪዋን ተሸክማ ባቡር ጣቢያ ስትደርስ ከክፍል የሾለከች ተማሪ የሆነች መስሎ ተሰማትና ልቧ ደስ አለው።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኦስትሪያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ወረደች። አየሩ ይነክሳል። ተራሮቹ ዙሪያውን ነጭ ሆነው ቆመዋል። ከዚህ ጣቢያ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ከግራው መድረክ ወደ ግራትቫልድ፣ ከቀኙ መድረክ ወደ ሮተንአልም በየግማሽ ሰዓቱ አንዳንድ ባቡር ይወጣል። ሂልከ መሐል ላይ ቆማ ሁለቱን ሰሌዳዎች አየችና ከት ብላ ሳቀች። ሦስት ዓመት ሙሉ አሥር ሰው ያቃተው ነገር ይኸው ሁለት እርምጃ ነው፤ አንድ ወደ ግራ፣ ወይም አንድ ወደ ቀኝ።

የግራትቫልዱ ባቡር መጣ። ልትሳፈር እግሯን አነሣች። እዚህ ላይ የቀኝ መዞሪያዎቹ ትዝ አሏት፤ ግራ ጉልበት፣ መስፈርት አርባ አራት። እግሯን መለሰች። ባቡሩ ሄደ።

የሮተንአልሙ መጣ። ጉልበቷ እንዲህ ባበጠበት ጊዜ የሚሞቅ መቀመጫ ትታ መሄድ ትክክል ይሆን? መስፈርት ሰባት። እሱም ሄደ።

በመድረኩ ዳር ሾርባ የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ነበረች። ሂልከ ወደ እሷ ሄደች።

«እባክዎ፣ ከግራትቫልድና ከሮተንአልም የቱ ይሻላል?»

«ለምኑ?»

«ለስኪ ነዋ።»

ሴትዮዋ ጭልፋዋን ይዛ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እመቤት፣ ሁለቱም ዳገት ናቸው። ወጥተሽ መውረድ ነው።»

«እሱማ ነው። ግን በረዶው…»

«ከሰማይ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱም ጋ። ሾርባ ትፈልጊያለሽ?»

«ምን ምን አለ?»

«የድንችና የአተር።»

ሂልከ ሁለቱን ድስቶች እያፈራረቀች አየች። «ትንሽ ላስብበት» አለች።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ለመናገር የሚያሳፍር ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እንናገረው። ይህች ከኮሚቴ ያመለጠች ጀግና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ባለ አርባ አራት ዓምዱን ሰንጠረዥ አወጣች። ለምን ይዛው እንደመጣች ራሷም አታውቅም። በእርሳስ እያሰመረች ማነጻጸር ያዘች። ሦስት ባቡር ወደ ግራ፣ ሦስት ባቡር ወደ ቀኝ ሄደ። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ልጆች ስኪያቸውን ተሸክመው እየተሳሳቁ በአጠገቧ አለፉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጽፍ የኖረችው ነገር በብዕሯ በኩል ወደ ውስጧ ሲገባ አላየችውም ነበር፤ አሁን ቁጭ ብሎ አጀንዳ ሲያስይዝ አገኘችው። በራሷ ተናደደች። የምታለቅስ መሰላት።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። ሲትሰ ነው፤ ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል።

«ሂልከ! ተስማማን!»

«ምን?»

«ተስማማን እኮ ነው የምልሽ! በአሥራ አንድ ደቂቃ! እንዴት እንደሆነ አናውቅም። ጠረጴዛው ላይ ብዕርሽ አለ፣ አንቺ የለሽም። የሚጽፍ ሰው ስለሌለ መሰለኝ ማንም የሚናገረው አልነበረውም። ሜይንደርት 'ተስማማን ወይ?' አለ። ሁሉም 'ልኖርበት እችላለሁ' አለ። በቃ! ባውክየ አለቀሰች። ሁለተኛ ብስኩት ተበላ!»

ሂልከ ከወንበሯ ተነሣች። ከግራም ከቀኝም ባቡር እየመጣ ነበር። «ሲትሰ፣ ወንድሜ፣ ቶሎ በል፤ ጣቢያ ላይ ነኝ፤ ባቡሮቹ መጡ። የቱ ተመረጠ?»

በስልኩ ሲትሰ ብስኩት ሲያኝክ ተሰማ።

«ሲትሰ!»

«ልነግርሽ አልችልም» አላት ቀስ ብሎ። «ቃለ ጉባኤው አልጸደቀም።»

ሂልከ በአፍንጫዋ መሳቅ ጀመረች። ከዚያ በአፏ ሳቀች። ከዚያ ሆዷን ይዛ፣ ስኪዋን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሾርባ ሻጯ ጭልፋዋን አስቀምጣ ወጥታ አየቻት። ሂልከ ሰንጠረዡን አጣጥፋ የሾርባዋ ሴትዮ እሳት ላይ ጣለችው። ዓይኗ በእንባ እንደተሞላ፣ ሰሌዳውን ሳታይ፣ በሩን ከፍቶ በቅርብ የቆመው ባቡር ላይ ዘላ ወጣች። ሁለት ቀን ተኩል ተንሸራተተች። አንዴም አልወደቀችም። በመጨረሻው ቀን ከላይኛው ጫፍ እስከ ሸለቆው ድረስ ሳትቆም ወርዳ ታች ስትደርስ፣ የራሷን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ኮሚቴው ሙሉ ሆኖ ተሰየመ። ሂልከ ፊቷ በፀሐይ ቀልቶ በቦታዋ ተቀምጣለች። ሜይንደርት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያለፈው ታሪካዊ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበብ።»

«የለም» አለች ሂልከ።

«እንዴት የለም?»

«አልነበርኩም።»

«ችግር የለም» አለ ሲትሰ ፊቱ እያበራ። «ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ግራትቫልድ ተባለ።»

ባውክየ ብስኩቷን አፏ ሳታደርስ ቆመች። «ሮተንአልም ነው እንጂ! አንተ አይደለህ እንዴ የተስማማኸው? ያን ያህል ያለቀስኩት ለምን መሰለህ?»

«እኔ? አንቺ የተስማማሽ መስሎኝ እኮ ነው! ደስታዬን እንዳላሳይሽ ብዬ ስሙን እንኳ አልጠራሁም!»

«እኔም አንተን እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው ያልጠራሁት!»

ሁለቱም ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «አንተ 'ተስማማን ወይ?' ብለህ ስትጠይቅ በምን ላይ ነበር የጠየቅከው?»

«በመስማማታችን ላይ ነዋ» አለ ሜይንደርት በክብር። «ሊቀመንበር ከዚያ አልፎ አስተያየት አይሰጥም።»

ጉዳዩ ከመጀመሪያው እንዲታይ ሆነ። በዚህ ጊዜ ሲትሰ ድንገት አንገቱን ወደ ሂልከ ሰገግ አደረገ። ባውክየም ወንበሯን ጎተተች። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሚቴው ከመካከሉ በረዶውን በዓይኑ ያየ ምስክር አግኝቷል።

«ሂልከ» አለ ሲትሰ በለሆሳስ፣ «የት ነበር የሄድሽው?»

ሂልከ ብዕሯን አነሣች። አንድ ጊዜ ወደ ሲትሰ፣ አንድ ጊዜ ወደ ባውክየ ተመለከተች።

«ልነግራችሁ አልችልም» አለች። «ቃለ ጉባኤው አልጸደቀም።»

ኮሚቴው ምላሹን በአድናቆት ተቀበለ፤ አሠራርን የጠበቀ ነበርና። ሂልከም የዕለቱን ቃለ ጉባኤ በሁለት መስመር ጻፈች፦ «ውሳኔ፦ የለም። በረዶ፦ ነበረ።» መጋቢት አሥራ ሁለት፣ እሷ በአዲሱ ጉልበቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ቃለ ጉባኤው ተነበበ። የመጀመሪያው መስመር ያለ ተቃውሞ ጸደቀ። ሁለተኛው ግን የልዑካን ቡድኑ በሐምሌ ወር ካቀረበው ባለ ስድሳ ሁለት ገጽ ሪፖርት ጋር ስለሚጋጭ እንዲሰረዝ በሙሉ ስምምነት ተወሰነ።